ፔስሜከር ተገጥሞልኝ ወደ ሩጫ የተመለስኩበት መንገድ

ይህን የምጽፈው ፔስሜከር (ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ልብን በሽቦ የሚያስመታ ትንሽ ማሽን) ከተገጠመላቸው በኋላ «ሁሉም ነገር ደህና ነው» ተብለው፣ ዳገት ሲወጡ ወይም ሲሮጡ ግን ድንገት ጉልበት ለሚከዳቸው ሰዎች ነው። በተለይ ከሕመሙ በፊት ሲሮጡ፣ ኳስ ሲጫወቱ፣ ብስክሌት ሲነዱ ለኖሩ። ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ሽቦው ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ባትሪው ሳይደክም፣ የተሞላለት ቁጥር ብቻ ለእናንተ አኗኗር የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ለመቀየር ቀዶ ጥገና አያስፈልግም። ክሊኒክ ውስጥ ከማሽኑ ጋር በሚነጋገር ኮምፒውተር በደቂቃዎች ይስተካከላል። ይህን የሚነግረኝ ሰው እስካገኝ ወራት አለፉ። ሌላው ሰው ያን ያህል እንዳይጠብቅ እፈልጋለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሥራ መልስ በስላይጎ ክሪክ ዳር ያለውን መንገድ ይዤ መሮጥ የብዙ ዓመት ልማዴ ነበር። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ደረጃ ስወጣ ዓይኔን ይጋርደኝ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ስነሳ የልብ ምቴ በደቂቃ 38 ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያው ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። ኮምፕሊት ሃርት ብሎክ ነው አሉኝ። የልብን ምት የሚያስጀምረው የተፈጥሮ ማመንጫ የሚገኘው በላይኛው ቀኝ ክፍል ነው። ከዚያ የሚነሳው ምልክት ወደ ታችኛው ክፍል በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው የእኔ ችግር፤ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። የላይኛው ክፍል በሥርዓቱ እየመታ የታችኛው ትእዛዝ ስለማይደርሰው በራሱ ዝግ ያለ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ያለው ፔስሜከር ከግራ ትከሻዬ አጥንት በታች ገባልኝ። አንዱ ሽቦ የላይኛውን ክፍል ያዳምጣል፣ ሌላው ያንን ተከትሎ የታችኛውን ያስመታል።

ይህን በዝርዝር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ፔስሜከር የሚገጠምለት ሰው ሁሉ ሕመሙ አንድ አይደለም። የእኔ ማመንጫ ጤነኛ ነው፤ ስሮጥ ራሱ ፍጥነት ይጨምራል፣ የተበላሸው ማስተላለፊያው ነው። የሌላው ሰው ደግሞ ማስተላለፊያው ደህና ሆኖ ማመንጫው ራሱ ሰንፎ ይሆናል፤ ቢሮጥም ምቱ አይጨምርም። ሁለቱ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ማስተካከያ ለየቅል ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ ከሌላው ጥያቄ ሁሉ በፊት ሐኪማችሁን ይህን ጠይቁ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውን ጊዜ በአጭሩ ልለፈው። በተገጠመበት በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ እንዳላነሳ፣ ከባድ ነገርም እንዳልሸከም ለስድስት ሳምንት ተከለከልኩ፤ ሽቦዎቹ ልብ ውስጥ እስኪይዙ ድረስ ነው። ነገር ግን ፈርቶ ክንድን ጨርሶ አለማንቀሳቀስም ትከሻን ያደርቃል። ከትከሻ በታች በቀስታ ማንቀሳቀስ እንደሚፈቀድ እኔም የተነገረኝ ጠይቄ ነው።

ከዚያ በእግር መሄድ፣ ቀጥሎም ዱብ ዱብ ማለት ጀመርኩ። ሜዳው ላይ ሁሉም ጥሩ ነበር። ዳገት ላይ ግን አንድ የማላውቀው ነገር መጣ። የተለመደው የትንፋሽ ማጠር ቢሆን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ይኼ ግን በአንድ ቅጽበት የሆነ ነገር የጠፋ ያህል ነው፤ ራሴ ይዞራል፣ እግሬ አልታዘዝ ይላል፣ ደረቴ ውስጥ ከባድና ዝግ ያለ ምት ይሰማኛል። ቆሜ ትንሽ ሳርፍ ይለቀኛል። እንደገና ስሞክር እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል።

ወደ ተገጠመልኝ ክሊኒክ ሄጄ ነገርኳቸው። አልጋ ላይ አስተኝተው ማሽኑን አነበቡት። ባትሪው ደህና ነው፣ ሽቦዎቹ ደህና ናቸው፣ የተመዘገበ መጥፎ ምት የለም። ሰውነትህ ከእንቅስቃሴ ስለራቀ ነው፣ ጊዜ ስጠው ተባልኩ። የተናገሩት አንዱም ሐሰት አልነበረም። ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል ይሠራ ነበር። ችግሩ የታየው ተኝቼ መሆኑ ላይ ነው፤ ተኝቼማ ምን እሆናለሁ? የሚያመኝ ስሮጥ ነው።

በዚህ ላይ ቤተሰብ አለ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ልጄ፣ ልብህ በመብራት እየሠራች ምን አስሮጠህ? አርፈህ ብትቀመጥ ምናለ?» ትለኛለች። እህቴም ከእሷ ጋር ናት። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ለብዙ ወገኖቻችን ፔስሜከር ማለት የመጨረሻው መጀመሪያ ነው። እናቴን ያረጋጋኋት የመጀመሪያውን ሰው ታሪክ ነግሬ ነው። በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስቶክሆልም ውስጥ፣ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር በሰውነቱ ውስጥ የተቀበረለት አርነ ላርሶን የተባለ ስዊድናዊ በሕይወቱ ከሃያ በላይ ማሽን ተቀይሮለት በ86 ዓመቱ በ2001 ነው ያረፈው፤ ያውም ከልብ ጋር ባልተያያዘ ሕመም። «አርባ ሦስት ዓመት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል የምትጠይቀኝ «ዛሬ ሮጥክ?» ብላ ነው።

መፍትሔው የተገኘው መጻፍ ስጀምር ነው። «ይደክመኛል» የሚለውን ቃል ሐኪም ቀኑን ሙሉ ሲሰማው ይውላል። እኔም ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ገዛሁ። የእጅ ሰዓት በብርሃን ስለሚለካ በሩጫ መሃል ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የደረቱ ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ ራሱን ስለሚያነብ ይሻላል። እሱንም ቢሆን አንገቴ ላይ ጣቴን አድርጌ 15 ሰከንድ ቆጥሬ በአራት እያባዛሁ አመሳክረው ነበር። አንዱ ቀን እንዲህ ተጽፏል፦ «ማክሰኞ። ሜዳው ላይ 112፣ ደህና። ድልድዩን አልፌ ዳገቱ መሃል 119። ወዲያው 61። ራሴ ዞረ፣ ቆምኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 108።»

የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሏት። ስሮጥ 61፣ ቆሜ ሳርፍ 108። ጤነኛ ልብ ሲያርፍ ምቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በእናንተም ላይ እንዲህ ከታየ ነገሩ የጉልበት ማነስ አይደለም፣ የቁጥር ጉዳይ ሊሆን ይችላልና ጽፋችሁ ያዙት።

ያንን ደብተር ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ሐኪም፣ ስፖርት የሚሠሩ ታካሚዎች የሚያይ። ገጹን አንብቦ ብዙም አልጠየቀኝም፣ «ትሬድሚል ላይ እናውጣህ» አለ፤ ቆመው የሚሮጡበት ማሽን ነው። የዚያን ቀን ያየሁት ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። ደረቴ ላይ የኢሲጂ ገመዶች ተለጠፉ፤ ማሽኑን የሚያነበው ፕሮግራመር የሚባለው ኮምፒውተር አጠገቤ ቆመ፤ ከእሱ የወጣው ክብ መሣሪያ ከፔስሜከሩ በላይ በቀበቶ ታሰረልኝ። ባለሙያዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ሁለት ተርታ ምልክት አሳየችኝ። ላይኛው ተርታ የላይኛው ክፍል ምት፣ ታችኛው ማሽኑ የሚያስመታው። እየተራመድኩ ሁለቱ አንድ ለአንድ ይሄዳሉ። ፍጥነቱ ተጨመረ፣ ዳገቱ ተጨመረ፤ 105፣ 112፣ 118። ከዚያ እግሬ ሲከዳኝና ስክሪኑ ላይ ታችኛው ተርታ አንድ እየዘለለ መምታት ሲጀምር እኩል ሆነ። ላይኛው በ122 ይገሰግሳል፣ ታችኛው በግማሹ በ61። «አሁን ነው አይደል?» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ መናገር አልቻልኩም። ለወራት ሰው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ወረቀት ላይ ታትሞ ወጣ።

ምክንያቱን እንደተረዳሁት ላስረዳ። ማሽኑ የላይኛውን ክፍል ምት ከሰማ በኋላ ታችኛውን እስኪያስመታ ትንሽ ይጠብቃል፤ ይህ ኤቪ ዲሌይ ይባላል። ታችኛውን ካስመታ በኋላ ደግሞ ከላይ የሚመጣን ምልክት ለተወሰነ ጊዜ አይቀበልም፤ ይህን ባለሙያዎቹ ፒቫርፕ ይሉታል። አንድ እንግዳ ካስገባ በኋላ በሩን ዘግቶ ትንሽ የሚቆይ ዘበኛ አስቡ፤ በዚያ መሃል የሚያንኳኳ ይመለሳል። የእኔ ኤቪ ዲሌይ 200 ሚሊሰከንድ፣ ፒቫርፑ 300 ነበር። ሲደመር 500። አንድ ደቂቃ 60,000 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ለ500 ሲካፈል 120 ይመጣል። የልቤ የላይኛው ክፍል በደቂቃ ከ120 በላይ መምታት ሲጀምር፣ ሁለተኛው ምት ሁሉ የሚመጣው በሩ በተዘጋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማሽኑ አንዱን ይሰማል፣ ቀጣዩን ይዘላል፤ ምቱ በአንዴ በግማሽ ይወርዳል። ወረቀቴ ላይ «ከፍተኛው ገደብ 130» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በር መዝጊያው 120 ላይ ስለሚቀድም ያ 130 አንድ ቀንም ተደርሶበት አያውቅም።

ገደቡን ብቻ ከፍ አድርጉልኝ ብትሉ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹ የተሳሰሩ ናቸው።

ታዲያ በሩን ለምን ያን ያህል ይዘጋል? ለደህንነት ነው። በአንዳንድ ሰው ልብ ላይ ማሽኑ ታችኛውን ሲያስመታ ምልክቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይኛው ክፍል ይመለሳል። ማሽኑ ያንን እንደ አዲስ ትእዛዝ ቢቀበለው እንደገና ያስመታል፣ ያም እንደገና ይመለሳል፤ ማሽኑ ራሱ የሚያዞረው ፈጣን ምት ይፈጠራል ማለት ነው። ፒቫርፕ ይህን ይከላከላል። ስለዚህ ባለሙያዋ ከማሳጠሯ በፊት የእኔ ልብ ምልክት ወደ ኋላ ይመልስ እንደሆነ ሞከረች፤ የታችኛውን ክፍል ለብቻው እያስመታች ላይኛውን ተመለከተች። የሚመለስ ነገር አልነበረም። ከሰው የተገኘ ቁጥር ይዞ «እኔም ይህን አድርጉልኝ» የማይባለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔ ቁጥር ለእናንተ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የተደረገው ይህ ነው። ኤቪ ዲሌዩ ምት ሲፈጥን እያጠረ እንዲሄድ ተከፈተ፤ ጤነኛ ልብም በሩጫ ጊዜ የሚያደርገው እንዲሁ ነው። በፍጥነት ጊዜ እስከ 100 ይወርዳል። ፒቫርፑም በፍጥነት ጊዜ 220 እንዲሆን ተደረገ። ድምሩ 320፤ በሩ የሚዘጋበት ፍጥነት ከ120 ወደ 187 ሄደ። ከፍተኛው ገደብ ደግሞ 165 ሆነ። የዚህ ጥቅሙ ገደቡ ላይ ስደርስ ምቱ በግማሽ አይቆረጥም፤ ማሽኑ አልፎ አልፎ አንድ ምት እየዘለለ በ165 አካባቢ ይይዘኛል። ሲደርስብኝ ይሰማኛል፣ ግን ፍጥነቴን ለመቀነስ ጊዜ ይሰጠኛል። 165 የተመረጠው በግምት አይደለም፤ ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ በሚገኘው የተለመደ ስሌት፣ እኔ ራሴ ትሬድሚል ላይ ባሳየሁት የላይኛው ክፍል ፍጥነት፣ እና አስቀድሞ በተነሳልኝ የልብ አልትራሳውንድ ታይቶ ነው። የልብ ደም ሥር መጥበብ ወይም የልብ ጡንቻ ድካም ላለበት ሰው ያን ያህል ማፍጠን አይመከርም፤ ሐኪሙ ይህን ሳያጣራ አልነካውም።

ቁጥሩ ተቀይሮ እንዳለቀ እዚያው ትሬድሚሉ ላይ መለሱኝ። 120ን ሳልፍ ሰውነቴ ያንን መከዳት እየጠበቀ ተኮማትሮ ነበር። አልመጣም። 130፣ 140፣ 148፤ ላብ፣ ትንፋሽ፣ የለመድኩት ድካም። እንባዬ ሲወርድ ባለሙያዋ ደንግጣ ትሬድሚሉን ልታቆመው ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ እኔ ዓይነቱ ነው። ማመንጫው ራሱ ለሰነፈበት ሰው ታሪኩ ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው ወዳጅ አሉኝ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብስክሌት ነው ሕይወታቸው። የእሳቸው ልብ በራሱ ስለማይፈጥን ማሽኑ እንቅስቃሴያቸውን በሴንሰር እያየ ያፈጥንላቸዋል። ወረቀታቸው ላይ ዲዲዲአር ተብሎ ተጽፏል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «አር» ይህች ሴንሰር መከፈቷን ነው የምትናገረው። ሴንሰሩ የሚሠራው የሰውነትን ንቅናቄ በመለካት ነው። በእግር ሲሄዱ ደረት ስለሚነቀነቅ ይገባዋል። ብስክሌት ላይ ግን ደረት ፀጥ ብሎ እግር ብቻ ነው የሚሠራው። «እኔ ዳገት እየገፋሁ እሱ የተኛሁ ይመስለዋል» አሉኝ። ምታቸው 72 ላይ ቆሞ ይቀራል። ዘመድ ጥየቃ ጎንደር ሄደው ደግሞ በኮረኮንች መንገድ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ልባቸው 100 ገባ፤ መንገጫገጩን ሩጫ አድርጎት ነው። ለሯጭም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ቁልቁለት ሲወርዱ እግር መሬቱን ስለሚመታ ሴንሰሩ ይበልጥ ያፈጥናል፣ ልብ የሚያስፈልገው ዳገቱ ላይ ሆኖ ሳለ።

ጋሼን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ለእሳቸው የተስተካከለው ሴንሰሩ በምን ያህል ንቅናቄ እንደሚነሳ፣ ለአንድ ዓይነት ንቅናቄ ምን ያህል እንደሚያፈጥን፣ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ እና ካቆሙ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ ነው። ይህም በኮሪደር ላይ በእግር እያስኬዱ፣ ቀጥሎም በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አስቀምጠው እያዩ ነው የተደረገው። ተሻሽሎላቸዋል፣ ግን ሙሉ አልሆነም፤ ምክንያቱም ንቅናቄን ብቻ የሚለካ ማሽን ንቅናቄ በሌለበት ብዙ ማድረግ አይችልም። ትንፋሽን የሚለኩ ማሽኖች አሉ፤ በደረት ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እየላኩ አየር ሲገባና ሲወጣ ያለውን ለውጥ ያነባሉ። ልብ ራሷ ስትኮማተር ያለውን ለውጥ የሚያነቡም አሉ። የሴንሰሩን ዓይነት ግን በፕሮግራመር መቀየር አይቻልም፤ ከማሽኑ ጋር የተገዛ ነው። ስለዚህ ገና ሊገጠምላችሁ ከሆነ ወይም ባትሪው አልቆ ሊቀየር ከሆነ ሐኪሙን «እኔ ብስክሌት እነዳለሁ» ወይም «እዋኛለሁ» ብላችሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ንገሩት። በኋላ ቢነገር የሚጠበቀው የባትሪው ዕድሜ ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው።

በእኔ ማሽን ላይ ያ ሴንሰር ጨርሶ ተዘግቷል። የተፈጥሮ ማመንጫዬ ከማንኛውም ሴንሰር የተሻለ ስለሚያውቅ አያስፈልገኝም።

ስለ ሽቦዎቹ ጥቂት ልበል፤ ስፖርተኛ ብዙ የሚዘነጋው እሱን ነው። ሽቦው ወደ ልብ የሚሄደው በትከሻ አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት አካባቢ አልፎ ነው። ክንድን ከራስ በላይ ደጋግሞ በኃይል ማንሳት፣ በተለይ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መሳብና ከባድ ክብደት ከራስ በላይ መግፋት፣ ከዓመታት በኋላ ሽቦውን ሊሰብረው ይችላል። እኔ ሐኪሜን አማክሬ ተንጠልጥሎ መሳቡን ትቼዋለሁ፤ በጎማ ገመድ የጀርባ ስፖርት እሠራለሁ። ኳስን በተመለከተ፣ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሳምንት በሚደረገው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሰሞን ጓደኞቼ ግባ ይሉኛል። ለልምምድ እገባለሁ፤ ግፊያ ባለበት ጨዋታ ግን ደረት ላይ ክርን ወይም ኳስ በቀጥታ እንዳያርፍ መከላከያ ማድረግ እንዳለብኝ ስለተነገረኝ በዚያ ሁኔታ መጫወቱን አልወደድኩትም። ሌላው በራሱ ይወስን።

ሌላም አለ። እንደ እኔ የታችኛው ክፍል ምቱ ሙሉ በሙሉ ከማሽን የሆነ ሰው፣ በቀኝ በኩል ብቻ ለዓመታት ሲመታ በአንዳንዱ ላይ የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። በሩጫ የሚመጣ አይደለም፤ ሯጭ ግን የጉልበቱን መቀነስ ቀድሞ ስለሚያስተውለው «አረጀሁ» ብሎ እንዳያልፈው። አልትራሳውንዱን በየጊዜው እንዲደግሙላችሁ ጠይቁ። ቀንሶ ከተገኘ የሽቦውን ቦታ ወደ ልብ የተፈጥሮ ማስተላለፊያ ማዛወርን የመሰለ መፍትሔ አለው።

አዲስ አበባ ሄዶ መሮጥ ለሚያስብ፦ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም ይልቃል። እዚህ በ130 የምሮጠውን ፍጥነት እዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቤ 150 ሲገባ ነው የማገኘው። ስለዚህ ገደቡ ላይ ቶሎ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ በእግር፣ ከዚያ በዝግታ። ከጉዞ በፊት ደግሞ የአሁኑን ቁጥሮች ዝርዝር አሳትማችሁ ከማሽኑ መታወቂያ ካርድ ጋር ያዙ። የአንዱ ፋብሪካ ፕሮግራመር የሌላውን ፋብሪካ ማሽን አያነብም። በምትሄዱበት ከተማ የእናንተን ዓይነት የሚያነብ መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁ ወይም የማሽኑ አምራች እንዲያጣራላችሁ አድርጉ። ሞባይላችሁንም ደረት ኪስ ውስጥ አትያዙ፤ በውስጡ ያለው ማግኔት የማሽኑን አሠራር ለጊዜው ሊቀይረው ስለሚችል ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ይራቅ። ስትሮጡ በወገብ ወይም ከማሽኑ በተቃራኒው ክንድ ላይ ይሁን።

ክሊኒክ ስትሄዱ ምን እንደምትሉ ከተጨነቃችሁ፣ እኔን የጠቀመኝ ይህን መሰሉ አነጋገር ነው፦ «ዳገት ስሮጥ ምቴ 119 ደርሶ በአንዴ ወደ 61 ይወርዳል። ሳርፍ ተመልሶ 108 ይሆናል። ፕሮግራመሩ በርቶ ትሬድሚል ላይ ልታዩኝ ትችላላችሁ? ከፍተኛው ገደቤ ስንት ነው? በግማሽ የሚቆረጥበትስ ፍጥነት ስንት ነው?» እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ወይም ወላጆቻችሁን የምታስታምሙ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ስለሚያቀርቡ ቀጠሮ ስታስይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ለዚህ ጉዳይ ልጅ ወይም ጎረቤት ቢያስተረጉም አይበቃም፤ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ለውጥ አለው።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ማሽኑ ያለበት ቦታ መቅላት፣ ማበጥ ወይም ፈሳሽ ማውጣት፣ የማይለቅ ስቅታ ወይም ደረት አካባቢ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ካያችሁ ግን ደብተርና ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ታዩ።

ቁጥሩ ከተቀየረላችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሩጫዎች ከሰው ጋር፣ በለመዳችሁት መንገድ ሩጡ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም መልሳችሁ ቀጠሮ ያዙ። ያኔ ባለሙያውን ሂስቶግራሙን አሳየኝ በሉት። ማሽኑ ልባችሁ በየትኛው ፍጥነት ስንት ጊዜ እንደቆየ መዝግቦ በዓምድ ያሳያል። የእኔ የመጀመሪያው ሂስቶግራም 120 ላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ ከዚያ በላይ ባዶ። ከለውጡ በኋላ ዓምዶቹ እያነሱ እስከ 160 ይሄዳሉ። እየሮጣችሁ የእናንተ ዓምዶች አንድ ቁጥር ላይ በአንዴ የሚያቆሙ ከሆነ፣ ጣታችሁን እዚያ ቦታ ላይ አድርጋችሁ «ከዚህ በላይ ለምን የለም?» ብላችሁ ጠይቁ።